የአሮጌ ሰዓት ክበብ፦ 31ን ስናሳድድ የከረምንበት ዓመት

በጥቅምት ወር የክበባት ምዝገባ ሲካሄድ ማስታወቂያችን በሚኒ ሚዲያና በቀይ መስቀል ክበባት መካከል ተለጥፎ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የተመዘገቡት አራት ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ ከአራቱም አንዱ ሚኒ ሚዲያ የተመዘገበ መስሎት ነው። “የድሮ የጃፓን አውቶማቲክ የእጅ ሰዓት መሰብሰብ” የሚለው ርእስ የሀብታም ልጆች ክበብ አስመስሎት ኖሯል። በሁለተኛው ሳምንት “ከቤታችሁ መሳቢያ የቆመ ሰዓት ፈልጋችሁ አምጡ” ብለን ብንለጥፍ አሥራ አንድ ሆንን። የመጣው አብዛኛው ሴይኮ 5 ነው፤ ሁለት ኦሪየንትና አንድ ሲቲዝንም ተገኝተዋል።

የመጀመሪያው አቤቱታ “መምህር፣ መሙያው አይሞላም፤ ተበላሽቷል” የሚል ነበር። አልተበላሸም። በእነዚህ ሴይኮዎች መሙያ የምንላት ነገር ሰዓትና ቀን ማስተካከያ እንጂ መሙያ አይደለችም። ሰዓቱ የሚሞላው በእጅ እንቅስቃሴ ነው። ሴይኮ 5 እ.ኤ.አ. በ1963 ሲወጣ “አምስት” የተባለው ለአምስት ነገሮች ነው፦ አውቶማቲክ መሆኑ፣ የዕለቱን ስምና ቀን በአንድ መስኮት ማሳየቱ፣ ውኃ መከላከሉ፣ መሙያው 4 ቁጥር ላይ ገባ ብሎ መቀመጡ፣ አካሉና ማሰሪያው ጠንካራ መሆናቸው። መሙያው የተሸሸገው ብዙ ስለማይነካ ነው።

መስታወቱ የተሰነጠቀውን አንዱን ሰዓት ከፍተን ውስጡን አይተናል። ግማሽ ጨረቃ የመሰለው ክብደት በእጅ ውዝዋዜ ሲዞር ከሥሩ ያለችው ሁለት ጥፍር ያላት ዘንግ ወዲያና ወዲህ ትላለች። አንደኛው ጥፍር ጥርሳሙን ጎማ ይስባል፤ ሌላው ይገፋል። ስለዚህ ክብደቱ በየትኛውም በኩል ቢዞር ሞላው ይጠመጠማል። ሴይኮ ይህን ማጂክ ሌቨር ያለውን ብልሃት መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እኔ ፊዚክስ ሳስተምር ስንት ዓመት ስለ ኃይል ለውጥ ሰሌዳ ላይ ሥያለሁ፤ ተማሪዎች እርስ በርስ እየተጋፉ ሲያዩ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዕድሜ ማወቅም ተምረናል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያመጣችው የአያቷ ሰዓት ጀርባው ላይ 7009 የሚል የሞተር ቁጥር አለው፤ መለያ ቁጥሩ ደግሞ በ83 ይጀምራል። የመጀመሪያው አሃዝ የዓመቱ መጨረሻ ሲሆን ሁለተኛው ወሩ ነው፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1978 ወይም መጋቢት 1988 ማለት ነው። ሁለቱም ይሆናል፤ ይህ ሞተር በሁለቱም ጊዜ ይመረት ነበር። ነገሩን የቋጩት ሴት አያቷ ናቸው፦ “በ77ቱ ድርቅ ሊሸጠው አውጥቶ መልሶ አሰረው” አሉ። ስለዚህ 1978።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ቀንና የዕለት ስም የሚለወጡት በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ጠቋሚዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ ነው፤ ሥራው ግን 9 አካባቢ ተጀምሮ እስከ 3 ይዘልቃል። በዚያ መካከል ጥርሶቹ ስለሚያያዙ ቀኑን በመሙያው ማዞር ጥርስ ይሰብራል። እኔም ሰሌዳ ላይ “ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ቀን አትንኩ” ብዬ በትልቁ ጻፍሁ። ልክ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ 12 ለሚያሳይ ሰዓት። የኛ ልጆች ሰዓት ግን እኩለ ሌሊት ላይ የሚያሳየው 6 ነው!

ታኅሣሥ 1 ቀን ጠዋት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሰዓቱን ሲያይ 31 ይላል። የኛ ወር 30 መሆኑን ጃፓኖቹ ከየት ያውቃሉ? በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑን በእጅ ማስተካከል የሚያስፈልገው በዓመት አምስት ጊዜ ነው፤ በኛ አሥራ ሦስት ጊዜ። ልጁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰሌዳው እንደሚለው በሰላሙ ጊዜ፣ 31ን ወደ 1 ሲያዞር ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ከሌላ የሞተ ሰዓት ጥርስ አውጥተው የተኩልን የመንገድ ዳር ሰዓት ሠሪ ታሪኩን ሲሰሙ ሳቁና “መምህር፣ ይሄ እኮ ጨለማና ብርሃን የሚያይበት ዓይን የለውም” አሉኝ። ሰሌዳውን አጥፍቼ “ጠቋሚው በ9 እና በ3 መካከል ሳለ” ብዬ ጻፍሁ። ሂሳቡን የከፈልሁትም እኔ ነኝ።

ከዚህ የተነሣ ሌላ ክርክር መጣ፦ ቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ይለወጥ ወይስ ማታ? የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ዕለት የሚጀምረው ከዋዜማው ነው አሉ። ከጅዳ የመጣ፣ የዕለቱን ስም በአረብኛ የሚያሳይ ሰዓት ያለው ተማሪያችንም በእስልምናም ቀን የሚገባው በመግሪብ ነው ብሎ ደገፋቸው። ድምፅ ሰጥተን ጠዋት በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ፤ የተሸነፉት ግን ሰዓታቸውን እስከ ዛሬ በማታው አድርገው ነው የሚያስሩት።

በክበቡ ገንዘብ የገዛነው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ባይገዛ ይሻል ነበር። ፊቱ ብርቱካናማ፣ እንደ አዲስ የሚያበራ። ከ6 ቁጥር ሥር መኖር የነበረባት ደቃቅ ጽሑፍ ስለሌለች እንደገና የተቀባ መሆኑን ያወቅነው ከከፈልን በኋላ ነው። ጭረት ያለበትን ሰዓት እንዳታስወለውሉ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው።

በክረምት ሰዓቶቹ ከየባለቤቶቻቸው ጋር ይከርማሉ። ጳጉሜን 1 ሰዓቶቹ ሁሉ 31 ስለሚሉ ወደ 1 ማዞር አትርሱ። ጳጉሜን ዘንድሮ አምስት ቀን ስለሆነች ለእንቁጣጣሽ ደግሞ 6 ይላሉ፤ ከ6 ወደ 1 ለመድረስ 26 ቀን ማዞር ነው። ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ። የማታዎቹ ደግሞ በዋዜማው ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ።