ማታ 2 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 20፡00 ነው

ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ
አዳማ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ፤ እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን በእንቁጣጣሽ የደረሰ ነገር ነው። የቆዩ ደንበኛችን የሆኑ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸው ከእኩዮቿ ጋር በበዓል ዝግጅት ላይ ስትዘምር በቴሌቪዥን እንደምትታይ ተነገራቸው። እሳቸው በዕለቱ ሞጆ እህታቸው ጋ ስለሚውሉ፣ በዋዜማው ሳሎናቸው ውስጥ በገጠምንላቸው የቴሌቪዥን መቅጃ ኮምፒውተር ላይ የበዓሉን ቀን መርጠው፣ «ማታ 2 ሰዓት» የተባለውን ዝግጅት 02፡00 ብለው ሞልተው ሄዱ። በማግስቱ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ቅጂው ተከፈተ። የተገኘው ከበዓሉ ንጋት በፊት፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተላለፈ የድጋሚ ፕሮግራም ነበር። የልጅቷ መዝሙር አልተቀዳም።

ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ዕቃውን ገጥመን፣ ቻናሎቹን ጭነን፣ ሪሞቱን አስረክበን ስንወጣ ኮምፒውተሩ ሰዓትን እንዴት እንደሚቆጥር ቁጭ ብለን አላስረዳናቸውም። እሳቸውን ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። ሌሎቻችሁም ላይ እንዳይደርስ፣ ስንገጥም ልንነግራችሁ የሚገባንን ዛሬ በጽሑፍ እንነግራችኋለን።

ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚጀምረው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው፤ እስከ 23፡59 ይቆጥርና እንደገና ከ00፡00 ይነሳል። ስለዚህ ከጠዋት 1 ሰዓት እስከ ምሽት 12 ሰዓት ላለው 6 ደምሩ፤ የቀኑ 7 ሰዓት ዜና 13፡00 ነው። ከምሽት 1 ሰዓት ጀምሮ ሌሊት 6 ሰዓት እስኪሞላ ላለው 18 ደምሩ፤ ማታ 2 ሰዓት 20፡00፣ ማታ 3 ሰዓት ተኩል 21፡30 ይሆናል። ከሌሊት 6 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ላለው ደግሞ 6 ቀንሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀኑ ነው። እኛ «ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት» የምንለውን ኮምፒውተሩ እሑድ 01፡00 ይለዋል። ቅዳሜ ብላችሁ ከሞላችሁ አንድ ቀን ሙሉ ቀድሟችሁ ይቀዳል። ቀን መቁጠሪያውም የፈረንጅ ነው፤ የገና ዕለት ታኅሣሥ 29 ለእሱ ጃንዋሪ 7 ነው።

ሰዓቱን በትክክል ሞልታችሁም ቅጂው ካልተገኘ፣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባትሪ ነው። ሲአር 2032 ትባላለች። ሥራዋ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ እንዳይቆም ማድረግ ነው። የምንገጥምላችሁ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ያገለገሉ ስለሆኑ፣ ባትሪዋ ከእነሱ ጋር ያረጀች ናት። እሷ ከደከመች፣ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ኮምፒውተሩ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይሄዳል፤ ከዚያ የሞላችሁት ፕሮግራም በሙሉ ገና ያልደረሰ የወደፊት ጉዳይ ይሆንበትና ዝም ብሎ ይጠብቃል። ኢንተርኔት ያላችሁ ቤቶች ሰዓቱ ራሱን ያስተካክላል፤ የሌላችሁ ግን መብራት በመጣ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት አንድ ጊዜ ብታዩ ብዙ ሐዘን ይቀራል። የሰዓት ቀጠናው አዲስ አበባ፣ በዊንዶውስ ላይ ደግሞ ናይሮቢ የሚለው መሆን አለበት፤ ሁለቱም ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ይቀድማሉ።

ስለ መብራት ከተነሳ፦ ቅጂዎቻችሁ በቲኤስ ፎርማት የሚቀመጡት ሆን ብለን ነው። ከሳተላይት የሚወርደው ዥረት እንዳለ፣ ሳይቀየር ዲስኩ ላይ ይጻፋል። አንዳንዶቻችሁ «ለምን ስልካችን ላይ እንዳለው ኤምፒ4 አይሆንም?» ትላላችሁ። ኤምፒ4 ብዙውን ጊዜ ማውጫውን የሚጽፈው ፋይሉ ሲዘጋ ነው፤ በመሐል መብራት ከሄደ የአንድ ሰዓት ቅጂ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። ቲኤስ ግን እስከተቆረጠበት ድረስ ይታያል። ከዚህም ሌላ፣ ኮምፒውተሩ ምስሉን እንደገና ስለማይሠራው በቅጂ ጊዜ ብዙም አይደክምም፤ ያገለገለ ኮር አይ 3 ይበቃል የምንላችሁ ለዚህ ነው። መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚቀድመው ማስተካከያ) ላይ አስተካክለንላችኋል። አቅሙ ያላችሁ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ጨምሩበት፤ ዲስኩ በየቀኑ ድንገት መጥፋትን አይወድም።

አሁን ወደ ቱነሩ፣ የሳተላይቱን ሲግናል ለኮምፒውተሩ ወደሚቀበለው ዕቃ እንምጣ፤ በጣም የምንጠየቀው ስለ እሱ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ቻናሎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ኢትዮሳት ሲዞሩ ዲሾቻችንን ሁላችን ወደ ምሥራቅ ማዞራችንን ታስታውሳላችሁ። እዚያ ያለውን 11105 (ፍሪኩዌንሲው)፣ ሆሪዞንታል (የሞገዱ አቅጣጫ)፣ 45000 የሚለውን ቁጥር የዲሽ ሠራተኛ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። የመጨረሻው ቁጥር ሲምቦል ሬት (የመረጃው መፍሰሻ ፍጥነት) ይባላል፤ 45000 ከፍተኛ ነው። ብዙ የቆዩ የኮምፒውተር ቱነር ካርዶች በአዲሱ የሳተላይት ስርጭት አሠራር፣ በዲቪቢ ኤስ 2፣ ከ30000 ብዙም አያልፉም፤ ከዚያ የቆዩት ደግሞ ዲቪቢ ኤስ 2ን ራሱን አያውቁትም። ስለዚህ ከውጭ ዘመድ የላከላችሁ ካርድ ናይልሳትን ጥርት አድርጎ እያሳየ ኢትዮሳት ላይ ምንም ላያገኝ ይችላል። ካርዱ አልተበላሸም፣ ዲሹም አልዞረም፤ አቅሙ አይደርስም። እባካችሁ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት በማሸጊያው ላይ «ዲቪቢ ኤስ 2» እና «45» (45000 ማለት ነው) የሚል መኖሩን አረጋግጡ፣ ወይም የማሸጊያውን ፎቶ ላኩልን።

ይህ ከፍተኛ ቁጥር በሌላ በኩል ለቅጂ ትልቅ ጸጋ ነው። በአንድ እንዲህ ባለ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብዙ ቻናል በአንድነት ይወርዳል፤ ቱነሩ ደግሞ ፍሪኩዌንሲውን ከያዘ በላዩ ያሉትን ሁሉ ይዟል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቱነር ብቻ ያለው ሰው በአንዱ ቻናል ዜና እያየ፣ እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለውን ሌላ ቻናል ድራማ ሊቀዳ ይችላል። ሁለተኛ ቱነር የሚያስፈልገው ፍሪኩዌንሲው ሲለያይ ነው፤ ለምሳሌ ከኢትዮሳት እየቀዳችሁ ልጆች ናይልሳት ላይ ካርቱን ማየት ሲፈልጉ። ያኔ ወደ ናይልሳት ከዞረው ሌላ ዲሽ ሁለተኛ ኬብል መውረድ አለበት። «ኬብሉን ለሁለት ክፈሉልን» ለምትሉን፦ ለሁለት በተከፈለ አንድ ኬብል ሁለት ቱነሮች ለኤልኤንቢው (በዲሹ ፊት ላለው መቀበያ) የተለያየ ትእዛዝ ይልካሉ፤ ተጣልተው የሁለቱም ምስል ይበላሻል። አንሠራውም።

ትእዛዙ ምንድን ነው? ቱነሩ በዚያው ኬብል ላይ 13 ቮልት ሲልክ ኤልኤንቢው ቨርቲካሉን ይሰጣል፣ 18 ቮልት ሲልክ ሆሪዞንታሉን። ኬብሉ ረጅምና ቀጭን ከሆነ፣ ወይም መጋጠሚያው በክረምቱ ውኃ ገብቶበት ከዛገ፣ 18ቱ ሳይደርስ ይቀራል፤ መጀመሪያ የሚጠፉትም ሆሪዞንታሎቹ ናቸው። 11105 ደግሞ ሆሪዞንታል ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ቱነር ያላችሁ፣ አብሮት የመጣውን ትንሽ አዳፕተር አትለዩት። ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ቮልት ብቻ ስለሆነ ለኤልኤንቢው አይበቃም። ሁለት ደንበኞቻችን ሶኬት ለማትረፍ ብለው ነቅለውት፣ ሳተላይቱ የጠፋ መስሏቸው ዲሹን አስነቅለው ነበር።

ዲሹስ? የከተማችንን ነፋስ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አጠገባችን ባሉት ኮረብቶች ላይ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው። 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዲሽ አንድ ዲግሪ ያህል ዘወር ካለ የሚቀበለው ሲግናል በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሪሲቨር ላይ ስታዩ ትንሽ መቆራረጥ ትታገሣላችሁ፤ የተቀዳው ግን ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ይቆራረጣል። ስለዚህ ከበዓል በፊት ብሎኑን አጥብቁ፣ ወይም ጥሩን። በነገራችን ላይ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ፣ ረፋድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ የሚጠፋው ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ኋላ ስለምትቆምና ጨረሯ ስለሚሸፍነው ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ስልካችን ይጨናነቃል። ምንም አትንኩ፤ ፀሐይዋ ፈቀቅ ስትል ይመለሳል፣ በጥቂት ቀናትም ጨርሶ ያልፋል።

የዲስክ ቦታ ብዙ አያስጨንቃችሁ። በሴኮንድ 3 ሜጋቢት የሚፈስ ቻናል በሰዓት 1.35 ጊጋባይት፣ 8 ሜጋቢት የሚፈስ ኤችዲ ደግሞ 3.6 ጊጋባይት ይወስዳል፤ በ1 ቴራባይት ዲስክ ኤችዲው እንኳ ከ270 ሰዓት በላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ስትሞሉ አትሰስቱ፦ ከመጀመሪያው 5 ደቂቃ፣ ከመጨረሻው ቢያንስ 30 ደቂቃ ጨምሩ። የቀጥታ ዝግጅት በተባለለት ደቂቃ ሲያልቅ ያየነው ጥቂት ነው፤ የብዙ ቻናሎቻችን የፕሮግራም ዝርዝርም ባዶ ነው ወይም ሰዓቱ የተዛባ ነው፤ በእጅ መሙላት ይሻላል።

ዊንዶውሳችሁን ወደ 10 ቀይራችሁ መቅጃው ጠፋ ያላችሁን፦ ሚዲያ ሴንተር የሚባለው ፕሮግራም ከዊንዶውስ 10 ጋር አይመጣም፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። በምትኩ ቲቪሄድኤንድን (የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ላይ ነው) ለመቅጃ፣ ኮዲን ለማሳያ እንጭንላችኋለን። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ስለሆኑ የምትከፍሉት የሥራ ዋጋ ብቻ ነው።

የምንከለክላችሁ ሁለት ነገር አለ። የተቆለፉ የክፍያ ቻናሎችን በኮምፒውተር እንድንከፍት አትጠይቁን፤ እነሱን በራሳቸው ዲኮደርና በክፍያ ተመልከቱ። የቀዳችሁትንም ለቤታችሁ አስቀምጡ እንጂ በፍላሽ እያባዛችሁ አትሽጡ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠሪውን መብት ይጠብቃል፤ እኛም የዘፋኝና የተዋናይ ድካም በነፃ ሲቸበቸብ ማየት ያሳዝነናል።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ኮምፒውተር የገጠምንላችሁን ሁሉ በየሰፈራችሁ እንጎበኛለን፤ ከፖስታ ቤት እንጀምርና ወደ ፍራንኮ እንሻገራለን። ባትሪዋን በአዲስ እንቀይራለን፣ ዋጋው ከእኛ ነው። የሰዓት መቀየሪያ ሰንጠረዥ በትልልቅ ፊደል አትመን በሪሞቱ ጀርባ እንለጥፋለን። አንድ ቅጂም አብረናችሁ እንሞላለን፤ እናንተ ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ እኛ አጠገባችሁ ቆመን እናያለን።

ለእኚያ እናት ደግሞ የልጅቷን ዝግጅት በስልካቸው የቀረጹ ወላጆች ካሉ እየጠየቅን ነው። ከእናንተ መካከል የዚያን ዕለት ማታ በዚያ ሰዓት የቀዳችሁ ካላችሁ፣ ዲስካችሁን ሳታጠፉ ደውሉልን፤ መጥተን ኮፒ እናደርጋለን።

አክባሪዎቻችሁ፣
የዲሽና የቤት ኮምፒውተር ሠራተኞቻችሁ
አዳማ