የድሮዎቹን የኮቲ ሽቶዎች መሸጥ ስለማቆማችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

የድሮዎቹን የኮቲ ሽቶዎች መሸጥ ማቆማችንንና ለሠርግ ያስያዛችሁትን ቀብድ መመለስ መጀመራችንን የሚገልጸው ማስታወቂያ በሱቃችን በር ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁን ሰምተናል። ዝግጅታችሁን ስላጓደልንባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። «ገንዘብ ሲያገኙ ናቁን» የሚለው ወቀሳ ግን አንጀት የሚያሳርር በመሆኑ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ግድ ሆኖብኛል።

እነዚህን ሽቶዎች ወደዚህ ሱቅ ያስገቡት እናቴ ናቸው። ስለ ኮቲ ሲያወሩ የሩቅ ዘመድ የሚያነሱ ይመስሉ ነበር። ፍራንሷ ኮቲ በኮርሲካ ደሴት ተወልዶ ፓሪስ የከበረ ሽቶ ሠሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ሎሪጋንን፣ በ1917 ሺፕርን፣ በ1921 ደግሞ ኤመሮድን አውጥቷል። ጠርሙሱን እንደ ሬኔ ላሊክ ባለ ስመ ጥር ጌጥ ሠሪ እያሠራ፣ አቅሙ ለማይፈቅድ ገዢ ደግሞ ሽቶውን በትንንሽ ብልቃጥ ማቅረቡን እናቴ አብዝተው ይወዱለት ነበር፤ እኛም ለአስተማሪዋም ለነጋዴዋም እንደየአቅሟ ስናቀርብ የኖርነው ከዚያ ተምረን ነው። ኮቲ በ1934 ሞተ፤ ድርጅቱም በ1963 ለመድኃኒት አምራቹ ፋይዘር፣ በ1992 ለጀርመኑ ቤንኪሰር ተሸጠ። ስሙ ዛሬም አለ፤ ሺፕር ግን ከምርት ከወጣ ቆይቷል።

«ታዲያ ለምን እንደገና አይሠሩትም?» ትሉናላችሁ። ሺፕርን ሺፕር ያደረገው ቤርጋሞት የተባለው የሎሚ ዘመድ፣ የላብዳነም ሙጫና በባሉጥ ዛፍ ቅርፊት ላይ የሚበቅለው የዛፍ ሽበት አንድ ላይ መዋሃዳቸው ነው። በሽበቱ ውስጥ ግን አትራኖልና ክሎሮአትራኖል የተባሉ ቆዳ የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮች ስላሉ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ደንብ ሁለቱን ከልክሏል። ሽበቱ እነዚህ ተጣርተው ከወጡለት በኋላ ዛሬም ይሠራበታል፤ የድሮውን የሚያውቅ አፍንጫ ግን ልዩነቱን አይስተውም። ከጥርኝ የሚገኘው የዝባድም ነገር እንዲሁ ነው። በደቡብ ምዕራብ ከነበረችው ከጥንቷ እናርያ ተነሥቶ በጎጃም የባሶ ገበያ አልፎ ጎንደር ይገባ የነበረው የአገራችን ዝባድ የአውሮፓን ሽቶ ቆዳ ላይ ይዞ የሚያቆይ ነበር (ይህን ስጽፍ ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ)፤ አሁን አብዛኞቹ አምራቾች በቤተ ሙከራ በተሠራ ተክተውታል።

ስለዚህ የቀረን መንገድ ያረጁ ጠርሙሶችን ውጭ አገር ካሉ ሰብሳቢዎች እጅ መግዛት ነበር፤ ለዓመታትም አድርገነዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጭማሪውን በእናንተ ላይ ላለመጣል ትርፋችንን ትተን ከርመናል፤ ያንን ግን በር ላይ አልለጠፍነውም። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ተበድሬም እቀጥል ነበር። ሽቶ ግን ብርሃንና ሙቀት ጠላቶቹ ናቸው፤ በተለይ መጀመሪያ የሚሸቱት የሎሚ ዘር ዘይቶች ቶሎ ይበላሻሉ፣ የባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀትም የሚምር አይደለም። ማኅተሙ ያልተነካ ጠርሙስ ሲከፈት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሲሸት አይቻለሁ። ይህንን በሠርጓ ቀን ለምትቀባ ሙሽራ በሙሉ ዋጋ ልሽጥላት?

በሌላ ቦታ «ሺፕር» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ቅባት መኖሩን ጠቅሳችሁ እኛም እንድናመጣ የጠየቃችሁን አላችሁ። አናመጣም። ይህን ትዕቢት ያላችሁት እንደሆነ እንቀበላለን፤ እናቴ በሕይወት ሳሉ ያልሸጡትን ስም እኔ አልሸጥም።

ቀብዳችሁን ደረሰኝ ይዛችሁ በሥራ ሰዓት መውሰድ ትችላላችሁ፤ ደረሰኙ ለጠፋባችሁም ስማችሁ በመዝገባችን ላይ አለ። ዕጣኑ፣ ሰንደሉና ሌሎቹ ሽቶዎች እንደ ቀድሞው በመደርደሪያው ላይ ናቸው፤ ቤት ኪራዩንም የሚከፍሉልን እነሱ ናቸውና አትራቁን። በተለይ በራችን ላይ ሰላም ሳትሉን ማለፍ የጀመራችሁ የቆያችሁ ደንበኞቻችን፣ ለቀብዳችሁ እንኳ ብላችሁ ግቡ፤ ቡና አይጠፋም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሽቶ ቤቱ ባለቤት
ባሕር ዳር