ሥራህ ምንድን ነው ላልሽኝ

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ "ቆይ ልጄ፣ ሥራህ ግን ምንድን ነው?" ስትዪኝ "ኮምፒውተር ላይ ነው" ብዬ አለፍኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ከነከነኝ። ይህን ያህል የምወደውን ነገር እንዲህ ባጭሩ መቅጨት አልነበረብኝም።

መጀመሪያ መጋዘን እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። ሌሊት ሌሊት የመጣውን ዕቃ ዝርዝርና መምጣት የነበረበትን ዝርዝር እናመሳክራለን፤ በዓይን፣ መስመር በመስመር፣ 2 ሰዓት ሙሉ። ደክሞሽ አንዱን ከዘለልሽ እንደገና ከላይ ነው። አንድ ባልደረባዬ "ይሄን እኮ በፓይተን መሥራት ይቻላል" አለኝ። ፓይተን ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። በእረፍት ቀኔ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ በነጻ ከኢንተርኔት ላይ መማር ጀመርኩ። ታገልኩ፤ አንዳንዴ ግማሽ ቀን የምትፈጅብኝ አንዲት የተረሳች ቅንፍ ነበረች። ከዚያ አንድ ሌሊት 30 መስመር የማትሞላ ፕሮግራሜ የጎደሉትን 4 ዕቃዎች ነቅሳ አወጣችልኝ። በሰከንድ! አላመንኩም፣ በእጄ ደግሜ ቆጠርኩ። ልክ ነች። ያን ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የቀረው ረጅም ነው፣ ላሳጥርልሽ። ሁለት ዓመት ከሥራ መልስ ተማርኩ፣ ብዙ ቦታ አመልክቼ ብዙ ቦታ አይሆንም ተባልኩ፣ በመጨረሻ አንድ ትንሽ ድርጅት ጀማሪ ፕሮግራመር አድርጎ ቀጠረኝ። እዚያ የጻፍኩትን ኮድ (ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ትእዛዝ ማለቴ ነው) ሌላ ሰው ሳያየው ሥራ ላይ አይውልም። መጀመሪያ ስህተቴን ሲነግሩኝ ይከፋኝ ነበር። አሁን ግን እሱን ያህል ያስተማረኝ ነገር የለም።

ልነግርሽ የጓጓሁት ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደሎች ሁሉ ዩኒኮድ በሚባል ሰንጠረዥ ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ የእኛ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሀ 4608 ነች። ሁ 4609፣ ሂ 4610፣ ልክ አንቺ በስንጥር እየጠቆምሽ እንዳስቆጠርሽኝ በተራ ተደርድረዋል! ለ 4616 ላይ ትጀምራለች። መጀመሪያ ሳየው እንባዬ መጣ።

ችግሩ ሐ 4624፣ ኀ ደግሞ 4736 መሆናቸው ነው። እኛ አንድ አድርገን እናነባቸዋለን፣ ለኮምፒውተር ግን አይተዋወቁም። "ፀሐይ" ብለሽ ብትፈልጊ "ጸሀይ" ተብሎ የተጻፈውን አያገኝልሽም። እኔም ማታ ማታ እነዚህን ሞክሼ ፊደላት አዛምዶ የሚፈልግ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። በቃ ሁሉንም ወደ አንድ ልለውጥ ብዬ ነበር፣ ግን "ሠረቀ" ማለት "ወጣ" ነው፣ "ሰረቀ" ደግሞ የሌባ ነው ትዪን እንደነበር ትዝ አለኝ። ስለዚህ ሲፈልግ ብቻ ያዛምዳቸዋል፣ የተጻፈውን አይነካም።

አሁን ያንቺ እርዳታ ያስፈልገኛል። እንዲህ በፊደል የሚለያዩ ቃላት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ጊዜ ሲኖርሽ ደብተር ላይ ጻፊልኝና ማሙሽ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። 10ም ቢሆኑ ይበቁኛል፤ እሁድ ስደውል አብረን እናያቸዋለን።

ልጅሽ