የታሪክ ክበብ፦ ከሩዝቬልት ጋር የከረምንበት ዓመት

የታሪክ ክበብ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው የአድዋ ሰሞን ድራማና የሚያዝያ 27 ግጥም ነው። ሁለቱንም አቅርበናል። የዓመቱ ዋና ሥራችን ግን አንድ ሰው ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካን የመራው ፍራንክሊን ሩዝቬልት።

ምርጫው የልጆቹ ነው። ሊንከን ይሁን ያሉም ነበሩ። ሚዛኑን ያዛባው አንድ ፎቶ ነው። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ግብፅ፣ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ፣ ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ሩዝቬልት አብረው ተቀምጠዋል። "ምን እያወሩ ነው?" የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ዓመታችንን እሱ በላው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ሕይወቱን በማንበብ ጀመርን። በ1882 ኒው ዮርክ ውስጥ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። በ39 ዓመቱ ፖሊዮ ነው በተባለ ሕመም እግሮቹ ሰለሉ። ልጆቹ ፖሊዮን የሚያውቁት ቤት ለቤት በሚሰጠው ጠብታ ነው፤ ትልቅ ሰው ይይዛል ብለው አላሰቡም። ይበልጥ የገረማቸው ግን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የተነሣቸው ፎቶዎች በጣም ጥቂት መሆናቸው ነው። በአደባባይ የሚቆመው እግሩ ላይ ብረት አስሮ፣ የሰው ክንድ ተደግፎ ነበር። "ሕዝቡን ሸውዷል" ያለችም፣ "የራሱ ጉዳይ ነው" ያለም አለ።

በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር፤ ባንኮችም ተዘግተዋል። ሳምንት አልፎ በሬዲዮ ቀረበና ባንክ የሰውን ገንዘብ ተቀብሎ ምን እንደሚያደርግበት በቀላል ቋንቋ አስረዳ። ባንኮቹ ሲከፈቱ ሰው ያወጣውን ብር ይዞ ተመለሰ። ይህን ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር ሆነን በሰልፍ ሰዓት ሞከርነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ባንክ አምስት ደቂቃ ተናገረ። ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ ቆመው ሰሙት። እኔ በሙሉ ፔሬድ እንዲህ የሚሰማኝ የለም!

አራት ጊዜ መመረጡን ቶሎ አለፍነው። ከእሱ በኋላ በ1951 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥ ቀረ፤ ልጆቹም "ጥሩ አደረጉ" ብለው ዘጉት።

ያልተዘጋው የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ጉዳይ ነው። ጃፓን ፐርል ሀርበር የተባለውን የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር ከደበደበች በኋላ፣ በየካቲት 1942፣ ሩዝቬልት በፈረመው ትእዛዝ 120,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ ገቡ። አብዛኞቹ ዜጎች ነበሩ። አንዲት ልጅ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሰው የካቲት 12 ሆነ። በእርግጥ አጋጣሚ ነው፤ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ከአምስት ዓመት በፊት የሆነ ሌላ ነገር ነው። ክፍሉ ግን ጸጥ አለ። አሜሪካ በሕግ ይቅርታ የጠየቀችው በ1988 ነው።

የማጠቃለያ ክርክራችን "ሩዝቬልት ለኢትዮጵያ ወዳጅ ነበር ወይ?" የሚል ነበር። ተቃዋሚዎቹ ጣሊያን በወረረችን ዓመት፣ በ1935፣ አሜሪካ ያወጣችውን የገለልተኝነት ሕግ ይዘው መጡ። ሕጉ ለተዋጊዎች ሁሉ መሣሪያ መሸጥን ከለከለ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ አላት፤ እኛ የለንም። ነዳጅ ደግሞ ክልከላው ውስጥ አልነበረም። ደጋፊዎቹ ሲመልሱ፣ አሜሪካ የጣሊያንን ወረራ አላጸደቀችም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጊዜ ለኢትዮጵያ የጦር እርዳታ ፈቅዳለች አሉ። መርከቧ ላይም ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ኤርትራ፣ ስለ ኦጋዴንና ስለ ጅቡቲው ባቡር አንስተዋል። ሩዝቬልት ሰማ። አራት ወታደራዊ መኪኖችም ሰጠ። ከሁለት ወር በኋላ ሞተ። "መኪና ለጠየቀ ነው እንዴ መኪና የሚሰጠው?" ያለው ልጅ ከሁሉ የበለጠ ተጨበጨበለት። እንደኔ እንደኔ ተቃዋሚዎቹ በ1935ቱ ጉዳይ አሸንፈዋል። በ1945ቱ የመርከብ ላይ ውይይት ግን ከሚሞት ሰው ብዙ ጠብቀዋል። ድምፅ ሳንሰጥ ፈተና ደረሰ።

ልጆቹ የሠሯቸው ፖስተሮች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰቅለዋል። ለከርሞ ያሰቡት ንጉሠ ነገሥቱ መርከቧ ላይ ያነሡት የኤርትራ ጥያቄ በ1950 የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ምን እንደሆነ ማጥናት ነው። ስለዚያ ዘመን መጽሐፍ ያላችሁ ወላጆች ብታውሱን እንመልሳለን፤ ሽፋን አልብሰን።