ልጆቹን መድረክ ላይ አውጥተን ንግግሩን እኛ ጻፍነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የሕፃናት ቀን ሲደርስ ጋዜጣችሁ ፎቶ ይዞ ይወጣል። ልጆቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ ፊኛ ይዘው፣ ጥርሳቸው እየታየ። ፎቶውን እወደዋለሁ። ከሥር ያለውን ዜና ሳነብ ግን የሚናገሩት በሙሉ አዋቂዎች ናቸው። ኃላፊው አሳሰቡ፣ ተወካይዋ ገለጹ፣ የክብር እንግዳው ጥሪ አቀረቡ። ልጆቹስ ምን አሉ? ግጥም አነበቡ።

እንዲህ ባሉ ዝግጅቶች ላይ ተገኝቼ አውቃለሁ። ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ። ወንበሩና ጥላው ለእንግዶች ነው። እንግዳው ያረፍዳል። ሲመጣ ንግግር፣ ከዚያ ሌላ ንግግር። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ማይክሮፎኑ አልደርስ ብሏት እየተንጠራራች "እኛ ሕፃናት የነገ ሀገር ተረካቢዎች እንደመሆናችን መጠን" ብላ ታነባለች። አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ "እንደመሆናችን መጠን" ትላለች! ማን እንደጻፈላት ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም። ጭብጨባው ይቀልጣል። የልጅነት በዓል ተብሎ ማንም ልጅ ሳይጫወት ቀኑ ያልፋል።

ሮጀር ሃርት የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጁት ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ባለ ስምንት እርከን መሰላል አድርገው አሳይተውታል። የታችኞቹን ሦስቱን ከነጭራሹ ተሳትፎ አይሏቸውም። ልጅን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ለጌጥ ማቆም፣ ለይስሙላ ማስቀመጥ። ቲሸርቱና ፊኛው የት እርከን ላይ እንደሚወድቁ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ቀኖቹ ራሳቸው ከየት እንደመጡ መርሳታችን ነው። የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሰኔ 9 የሚታሰበው በ1968 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ሶዌቶ በሆነው ነገር ምክንያት ነው። ተማሪዎቹ አደባባይ የወጡት በነጭ ገዢዎቹ ቋንቋ በአፍሪካንስ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው ነበር። ስለ እነሱ የተወሰነውን ማንም አላማከራቸውም። ሲናገሩ የተመለሰላቸው ጥይት ነው። እንግዲህ ያን ቀን ለማሰብ ነው ልጆችን ያልጻፉትን ንግግር የምናስጠናው።

ዓለም አቀፉ የሕፃናት ቀን ኅዳር 11ም እንዲሁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የጸደቀው በዚያ ቀን፣ በ1982 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 31 ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ የራሱን ሐሳብ መያዝ የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ በነጻነት መናገር እንደሚችል፣ የተናገረውም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ከዚህ ዕድሜ በታች አይጠየቅም የሚል መስመር የለውም። ኮንቬንሽኑን አብዛኛው የዓለም ሀገር ፈርሞ አጽድቆታል። መፈረሙ አልከበደንም።

ይህን ሳነሳ የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። "ልጅን እንዲህ ካስለመድከው ነገ ቤቱን ካልመራሁ ይላል።" ተረቱም ይከተላል፤ የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ። ደህና። ተረቱ ራሱ ግማሹ ብስል ነው እያለ ሁለቱንም ለምን እንጥላለን? አንቀጹም ቢሆን ልጁ ያለው ሁሉ ይሁን አላለም። ይሰማ፣ ይመዘን ነው ያለው። እናትና አባት ሲለያዩ ልጁን "ከማን ጋር መሆን ትፈልጋለህ? ማንን ትወዳለህ?" ብሎ ማፋጠጥ መስማት አይደለም። የአዋቂን ሸክም ልጅ ላይ መጫን ነው። ስለ ቀኑ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለሚያስፈራው ነገር ረጋ ብሎ መጠየቅና ውሳኔውን አዋቂው ራሱ መሸከም ግን ይቻላል። መናገር ካልፈለገም መብቱ ነው።

አንድ የወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ የተማሪዎች ሽንት ቤት እድሳት ተነሳ። ስለ ሴራሚኩ ቀለም ተከራከርን፣ ደከመን። አንዲት መምህርት ሁለት ተማሪዎች ጠርታ አስገባች። ትንሹ ልጅ የበሩን መቀርቀሪያ እንደማይደርስበት ተናገረ። ጓደኛው ከውጭ በሩን ይይዝለታል። ጓደኛው ከቀረ ቤቱ እስኪገባ ችሎ ይውላል። ልጅቷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንደማትጠጣ ነገረችን። ቧንቧው ያለው ትልልቆቹ ልጆች ከሚቆሙበት ጥግ ነው፤ ያስቸግሯታል። ከኛ መሀል ስለ መቀርቀሪያ ያሰበ አልነበረም። ለኛ ደረት ልክ ነዋ።

መቀርቀሪያው ወረደ። ቧንቧው ግን በጀት የለም ተብሎ ባለበት ቀረ። እኔን ያናደደኝ የበጀቱ ነገር አይደለም። ልጅቷን ጠርቶ "ሰምተንሻል፣ ዘንድሮ የማንቀይረው በዚህ ምክንያት ነው፣ እስከዚያው እዚያ ጋ መምህር እናቆማለን" ያላት አለመኖሩ ነው። የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አንቀጽ 12 ባወጣው ማብራሪያ ከዘረዘራቸው ደረጃዎች አንዱ ይኸው ነው። ልጁ የተናገረው ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ይነገረው ይላል። ገንዘብ አይጠይቅም። ሆኖም ሁሌም የሚዘለለው እሱ ነው። አንዴ ተጠይቆ መልስ ያላገኘ ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። እኛም "የዛሬ ወጣት ምንም አይመስለውም" እንላለን።

ከፍ ላሉትም ያው ነው። በየኮሚቴው አንድ ወጣት ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ አንደበተ ርቱዕ የሆነው፣ ሁሌ የሚመረጠው ያው ልጅ ነው። ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ቢያንስ ስብሰባው በትምህርት ሰዓት አይጠራ።

ለእናንተም አንድ ነገር ልጠይቅ። በሚቀጥለው የሕፃናት ቀን አንድ ገጽ ለልጆች ስጡ። መድረክ ከሚወጡት ብቻ ሳይሆን ከኋላ ከሚሰለፉትም ጠይቁ፤ የማይናገሩት እንዲስሉ አድርጉ። ስማቸውን አታውጡ፣ አማርኛቸውንም አታሳምሩላቸው። ጥያቄያቸውን ለሚመለከተው ኃላፊ ውሰዱና መልሱን በቀጣዩ እትም አውጡ። መልስ ካልሰጠም አልሰጠም ብላችሁ ጻፉ። ልጆቹ ያነቡታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢ