እናቴንና እህቴን ከከሰል መርዝ ላተረፋችሁልኝ የደሴ ሰዎች

እናቴም ታናሽ እህቴም ደህና ናቸው፣ ቤታቸው ገብተዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ለደወላችሁት ሁሉ በየተራ መመለስ ስላልቻልኩ ምስጋናዬን እዚሁ ልጻፈው።

ላልሰማችሁ በአጭሩ፣ የደሴ ብርድ እንደምታውቁት ነው። ማታ ቡና የተፈላበት ከሰል ረመጡ ሳይጠፋ እቤት አደረ፣ በርና መስኮቱ ጥርቅም ብሏል። እኔ ኮምቦልቻ ነበርኩ። ጠዋት ጎረቤታችን በር ብታንኳኳ መልስ አጣች፤ ጮኸች፣ ተሰብስባችሁ በሩን ገነጠላችሁ፣ መስኮቱን ከፈታችሁ፣ ሁለቱንም ተሸክማችሁ ወደ ደጅ አወጣችኋቸው። እኔ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስደርስ ሐኪም ቤት ገብተው ኦክስጅን ተደርጎላቸው ነበር። አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የዋላችሁልኝ ነገር በደንብ የገባኝ ግን ኋላ ነው።

ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ሲጣበቅ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰም ቢሆን ኦክስጅኑ የሚሸከመው አጥቶ ሰውነቱ ይታፈናል። መርዙ ከደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ ተራ አየር ለሚተነፍስ ሰው ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ከተሰጠው ግን 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

ለዚህ ነው ድንገተኛ ክፍል ያገኘቻቸውን ነርስ ለብቻዋ ማመስገን የምፈልገው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ደህና ናቸው ይል ነበር። መሣሪያው ኦክስጅን የተሸከመውን ደምና መርዙን የተሸከመውን ደም አይለይም። እሷ ይህን ታውቃለች። «ከሰል አድሮ ነበር» የሚለውን ከጎረቤታችን አፍ እንደሰማች ቁጥሩን ትታ ማስኩን አጠለቀችላቸው። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «ውጭ አገር ቢሆን የግፊት ክፍል ያስገቧቸው ነበር» ሲለኝ ልቤ ተረበሸ። እዚያው ውጭ አገር፣ ይህ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል ውስጥ የምታገለግል የአክስቴ ልጅ አለች፤ ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ እየደወለች፣ ሳይሰለቻት፣ ሁሉን አስረዳችኝ። ሕክምናው ሃይፐርባሪክ ኦክስጅን ይባላል። ታማሚው ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ የአየሩ ግፊት ከተለመደው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደረጋል፣ እሱም ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ጋዙ በግፊት እንደሚሟሟው ኦክስጅኑም በቀጥታ የደሙ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፣ ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ በመርዝ ቢያዝም ሰውነት ኦክስጅን አያጣም። ሆላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ቡሬማ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት ቀይ የደም ሴላቸው ከሞላ ጎደል የተወገደ አሳማዎች በ3 እጥፍ ግፊት ኦክስጅን እየተነፈሱ በሕይወት መቆየታቸውን አሳይቷል። በዚህ ግፊት የከሰሉ መርዝ በ20 ደቂቃ አካባቢ በግማሽ ይቀንሳል።

ክፍሉ የባሕር ጠላቂዎችን፣ በጨረር ሕክምና የተጎዳ ሰውነትን፣ አንዳንድ አልድን ያለ የስኳር በሽተኛ የእግር ቁስልንም ያክማል። ስኳር በየቤታችን ስላለ ይሄን ደጋግሜ ጠየቅኳት፤ ከቁስል እንክብካቤና ከስኳር ቁጥጥር ጋር እንጂ ለብቻው አይሠራም አለችኝ። ጆሮን ያሳምማል፤ ሳንባው አየር ወደ ደረቱ አፍስሶ ያልታከመ ሰው ደግሞ አይገባበትም። በዚያ ላይ እሳት በቀላሉ ስለሚነሳ ጥንቃቄው ሌላ ነው።

ያረጋጋኝ ግን መጨረሻ ላይ ያለችው ነው። በከሰል ለታፈነ ሰው ክፍሉ ምን ያህል እንደሚጨምር ሐኪሞቹ ራሳቸው ዛሬም አንድ ቃል የላቸውም። ሰውየውን ቶሎ ከመርዙ ማውጣትና ኦክስጅኑን ቶሎ መጀመር ላይ ግን ክርክር የላቸውም። «አብሽር፣ ትልቁን ሥራ የሰፈራችሁ ሰው ሠርቶታል» አለችኝ። ይሄው ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። አንድ ሰው እንኳ «ተኝተው ይሆናል» ብሎ ቢመለስ ኖሮ የትኛውም ማሽን አይደርስላቸውም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግራችሁ። የዚህ መርዝ ጉዳት ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እናቴ ነገር መርሳት ካበዛች፣ የእህቴ ጠባይ ከተለወጠ፣ ሲራመዱ ከተንገዳገዱ፣ ሳትሳቀቁ ወዲያው ደውሉልኝ፤ ለሐኪም አሳያቸዋለሁ።

ሁለቱን ጭነህ በዚያ ቁልቁለት ያበረርከው የባጃጅ ልጅ፣ ሒሳብ ሳትቀበል ስለሄድክ ስልክህንም ስምህንም አልያዝንም። የሚያውቅህ ሰው ይህን ያሳይህ። ቤቱን ታውቀዋለህ፣ ና፤ እናቴ መርቃህ ካልሆነ አልተኛም ብላለች።