ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ

ጎንደር፣ ኅዳር 21

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እኅትሽ እታለምም ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ነው የሚያስቸግራት። የልጅ ልጇ ፊደል ለይቶ ንባብ ጀምሯል። ውኃ አሁንም በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን አራቱንም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቼላት ነው ወደ ግቢ የምመለሰው።

ስለ ክኒንሽ ልንገርሽ። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት እንደምትጾሚ አውቃለሁ። ግሊፒዛይድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያወጣ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው፤ ምግብ ካልተከተለው ስኳርሽን ይዞት ይወርዳል። ጠዋት ውጠሽ ባዶ ሆድሽን ከዋልሽ ያልብሻል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳብሽም ይምታታል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየሽ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሰሽ ለኪ፤ አሁንም 70 ካልሞላ ድገሚው። ከተስተካከለ በኋላ ቁራሽ እንጀራም ቢሆን ብዪ። ክኒኑን ግን በራስሽ እንዳትተዪው። ጾሙን ለሐኪምሽ፣ ስኳሩን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፤ ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚቀልል እርሳቸውም አይጠፋቸውም።

ይህን የማነሣው ባለፈው እሑድ ሁለት ጊዜ በእታለም ስም ስለጠራሽኝ ነው። ስኳርሽ ወርዶ ይሆናል። ስኳሩ እንዲሆን እየጸለይሁ ነው።

እማዬ፣ ዘር ቁጠሪልኝ። እስከ ሰባት ቤት።

ደንቡን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ወላጅ 2፣ አያት 4፣ ቅድመ አያት 8፤ እንዲህ በእጥፍ እየሄደ ሰባተኛው ላይ 128 ይደርሳል፣ ሲደመር 254 ሰው። የአባቴ ወገን የአባት ስም በአባት ስም ላይ ስለሚቀጠል እንደ ክር ተስቦ ወጣ። የሚበጠሰው በሴት በኩል ነው፤ ልጅ ሁሉ በአባቱ ስለሚጠራ የእናት እናት ስም ቶሎ ይጠፋል። እታለም አራት ቤት ቆጥራ ቆመች። «ከዚህ በላይ ያለውን አባባ ያስጠናት እሷን ነው» አለችኝ።

ስም ብቻ ደግሞ አይበቃም። ለእያንዳንዱ ሰው አገሩንና የደብሩን ታቦት፣ ከቻልሽም የክርስትና ስሙን ጨምሪበት። አንዱ ሰው በቤት በአንድ ስም፣ በፈረሱ በሌላ፣ በቤተ ክርስቲያን በሦስተኛ ይጠራ ስለነበር ሦስት ሰው መስሎ ይታለፋል፤ ሁለት ሞክሼዎች ደግሞ አንድ ሰው ይመስላሉ። ሁለት ጊዜ ያገቡትን ለይተሽ ንገሪኝ፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚገናኝ ወንድምና እኅት የሚረሳው እዚያ ላይ ነው። ጡት የተጣባ ወይም አበልጅ የሆነ ካለም አትዝለዪው። ደም ባይሆንም ይከለክላል። እኛ ከደምቢያ፣ እነሱ ከጭልጋ፤ አገሩ ኩታ ገጠም ነው፣ ሲጋባ የኖረ ሰው ነው። የምፈራው ለዚህ ነው።

እነሱ አልኩሽ አይደል። ማራኪ ግቢ የሚማር ልጅ ነው። አምና ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዳር ሎሚ ይዞ ቆሞ ነበር። እንደ ጓደኞቹ አልወረወረም፤ መጥቶ በእጄ አስያዘኝ። አንቺ በአፌ ያኖርሽውን አማርኛ ፊደል ያስያዘልኝ እሱ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ወላጆቹ ወደ እታለም ቤት ሽማግሌ ሊልኩ አስበዋል። ያላንቺ ፈቃድ ግን እታለም በር አትከፍትም፣ እኔም አላስከፍታትም።

12 ዓመቴ ላይ ትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሣሉ ተብለን ስጠይቅሽ «ሁሉም ሞተዋል፣ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ» አልሽኝ። ጻፍኩ። እታለም በሕይወት ነበረች እኮ፣ እማዬ! አዘዞ ተቀምጣ ስልክሽን ትጠብቅ ነበር። ፎቶሽ ከአልጋዋ በላይ ተሰቅሎ ነው ያገኘሁት። በእናንተ መካከል የሆነውን አልጠይቅሽም ብዬ ነበር፤ አሁንም አልጠይቅሽም። ግን እኔን ያለ አክስት ማሳደግሽ ያመኛል። ብቻሽን፣ ሁለት ሥራ እየሠራሽ እንዳሳደግሽኝም አልረሳሁም።

የእኔንም የክርስትና ስም ንገሪኝ። በ80 ቀኔ ያነሡኝ የክርስትና እናቴ ማን እንደሆኑም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ትጠይቀኛለች፤ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

እሑድ በእናንተ ጠዋት 2 ሰዓት፣ እዚህ 10 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ክኒኑን ውጠሽ፣ ቁርስሽን በልተሽ ጠብቂኝ። ከእናትሽ እናት ጀምሪ፤ ደብተር ይዤ እጠብቃለሁ። እታለምም አጠገቤ ትሆናለች። ስሟን እሑድ ለራሷ ጥሪላት።

ልጅሽ